ዲኤክስ ያላችሁ፣ «ኋላውን እናጠንክርላችሁ» ለሚል ጋራዥ ብር እንዳትከፍሉ

ሰሞኑን ዲኤክስ የምንላትን አሮጌዋን ቶዮታ ኮሮላ የሚነዱ ልጆች መሃል አንድ «ስፖርት» የሚሉት ሥራ እየዞረ ነው። «የኋላ ሞላህን እናጠነክራለን፣ ኩርባ ላይ አስፋልት ትነክሳለች» ይላሉ። የሚጠይቁት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ብር ነው። አንድ የሰፈሬ ልጅ ከፍሎ አሠርቷል። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ ሥራውን ግን መኪናዋ ሥር ገብቼ አይቼዋለሁ።

የራሷን የፋብሪካ ሞላ በግራይንደር ቆርጠው መልሰው ገጥመውታል። በቃ። የተገዛ አዲስ ዕቃ የለም። የተቆረጠው ጫፍ ከሙቀቱ የተነሳ ጠቁሯል፣ መቀመጫው ላይም በደንብ አልተኛም። ሞላ ሲያጥር እውነትም ይደርቃል፤ ከሚሠራው ስምንት ዙር ሁለቱን ብትቆርጡ የቀረው በሲሶ ያህል ይጠነክራል። ለዚህ ግን የሚወጣው ወጪ የግራይንደር ድንጋይ ብቻ ነው።

ከዚያ ማሳያው ይመጣል። ሜካኒኩ የኋላ ኮፈኑ ላይ ይጫንና «አየህ? ንቅንቅ አትልም!» ይላል። ቀጥሎ ለስላሳ አስፋልት ላይ አደባባይ ያዞራችኋል። መኪናዋ አታዘነብልም። ልጁ እዚህ ላይ ነው ብሩን የቆጠረው። ያላዘነበለች መኪና ግን መንገድ የያዘች መኪና አይደለችም።

ስትታጠፉ ክብደት ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጪኛው ይሄዳል። ይህንን የትኛውም ሞላ አያስቀረውም። ሞላ የሚወስነው ከፊትና ከኋላ ጎማዎች የትኞቹ ትልቁን ድርሻ እንደሚሸከሙ ነው። ኋላውን ስታደርቁ ድርሻው ወደ ኋላ ይመጣል፤ ውጪኛው የኋላ ጎማ ይጨናነቃል፣ ውስጠኛው ይቀላል። ጎማ ደግሞ ጭነቱ እጥፍ ስለሆነ አያያዙ እጥፍ አይሆንም። ስለዚህ ሁለቱ ተደምረው የሚይዙት ይቀንሳል፣ ኋላዋ ይከዳችኋል። ፊቷ አልታጠፍ ለሚል መኪና ኋላውን በጥቂቱ ማጠንከር ሚዛን ያስተካክላል፣ አልክድም። ድሪፍት የሚወዱትም ሆን ብለው ያደርጉታል፤ እነሱ መንሸራተቱን ነው የሚፈልጉት። እናንተ ልጅ ከትምህርት ቤት ልታመጡ ነው።

ዲኤክስ ላይ የሚብሰው በአክስሏ ምክንያት ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ድፍን አክስል የታሰሩ ናቸው፣ ዲፈረንሻሉም (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ጥርስ) መሃሉ ላይ ነው። ያ ሁሉ ብረት ከሞላው በታች ነው ያለው። ከላይ ያለው አካል ደግሞ ባዶውን ሲሆን ቀላል ነው፤ መኪናዋ በሙሉ አንድ ቶን እንኳ አትሞላም። ሞላው ሲደርቅ አክስሉ የመንገዱን ጎርባጣ መከተል ያቅተዋል። ልጁ ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ከኋላው ቆሜ አየሁት፤ ውስጠኛው ጎማ እንደ ኳስ ይነጥራል። አየር ላይ ያለ ጎማ ምን ይይዛል? በሐምሌ ዝናብ የእንጦጦን ቁልቁለት አስቡት።

ሌላም አለ። አክስሉ ግራና ቀኝ እንዳይሄድ የሚይዘው አንድ አግዳሚ ዘንግ ነው፤ አንዱ ጫፉ አካሉ ላይ፣ ሌላው አክስሉ ላይ ይታሰራል። መኪናዋ ዝቅ ስትል ዘንጉ አንግሉን ይቀይርና አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ከኋላ ቁጢጥ ብላችሁ እዩ፤ በአንድ በኩል ያለው ጎማ ከሌላው ይልቅ ወደ ፓራፋንጎው ጠርዝ ወጣ ብሏል።

ልጁ «መልሱልኝ» ሲል የሳቁበት ነገር ነው የሚያናድደው። ምኑን ይመልሱለት? ሞላው ተቆርጧል። ደረሰኝም አልሰጡትም፣ መስጠት ግዴታቸው ሆኖ ሳለ። አሁን ያልተቆረጠ ሞላ ፍለጋ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን እየዞረ ነው።

አያያዝ ከፈለጋችሁ ያንኑ ብር ጎማ ላይ አውሉት። ስትገዙም የጎኑን ቁጥር አንብቡ፤ መጨረሻው 2319 ከሆነ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ቀጥሎ የደረቁ ጎሚኒዎችን፣ ማለትም የእግሩ መገጣጠሚያዎች ላይ ያሉትን ላስቲኮች፣ ቀይሩ። ከዚያ ሾክ አብዞርበር፦ የኋላውን ጥግ ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ተነስቶ ከረጋ ደህና ነው፣ ደጋግሞ ከተወዛወዘ አልቋል።

ያስቆረጣችሁ ካላችሁ ኋላውን በክሪክ አንሱና ጎማው ሲንጠለጠል ሞላውን በእጃችሁ ነቅንቁት። ከላላ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፤ ሳትቀይሩት ከከተማ እንዳትወጡ።