የጭስ ማውጫ ብናኝ፦ በኤሌክትሪክ ዘንግ ወይስ በብርሃን?

በጭስ ማውጫ የሚወጣን ብናኝ ለመለካት የኤሌክትሪክ ዘንግ ወይም የብርሃን መለኪያ መጠቀም ይቻላል። ጭሱን በጨርቅ ከረጢት ለሚያጣራ ፋብሪካ የእኔ ምርጫ የኤሌክትሪክ ዘንጉ ነው። ዘንጉ ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚገባ ብረት ነው፤ ብናኝ ሲመታው ወይም በአጠገቡ ሲያልፍ እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠርበታል። በኪዩቢክ ሜትር ከ1 ሚሊግራም በታች የሆነውን እንኳ ስለሚለይ፣ አንድ ከረጢት ሲቀደድ ከዓይን ቀድሞ ይናገራል። ብርሃን በጭሱ ውስጥ አሳልፎ የሚለካው የብርሃን መለኪያ መስታወቱ ግን በንጹሕ አየር ካልተጠበቀ ይታወራል፤ መጠኑ በጣም ጥቂት የሆነ ብናኝም ያመልጠዋል። የአየሩ ፍጥነት ሲለዋወጥ ግን የብርሃን መለኪያው ብዙም አይሳሳትም፤ ዘንጉ ይሳሳታል። ብናኝን በኤሌክትሪክ ኃይል ከሚይዝ ማጣሪያ በኋላማ ተራውን ዘንግ አልመክርም። እርጥብ ጭስ ሁለቱንም ያሳስታል። የዱቄት፣ የስኳር ወይም የከሰል ብናኝ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ የትኛውም ቢመረጥ ፍንጣሪው እሳት እንዳያስነሳ ኃይሉ የተገደበ መሣሪያ ይሁን፤ ቱቦውም በመሬት ሽቦ ይያያዝ።