የሚለጠጠው የዳሽቦርድ ኤፖክሲ፦ ለቆየ መርሴዲስ ይበጃል?

እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1986 የተመረተውን መርሴዲስ ደብሊው 123 የሚያሽከረክርና ዳሽቦርዱ የተሰነጠቀበት ሰው፣ ሁለት ክፍሎቹ ተቀላቅለው የሚደርቁትንና ከደረቁም በኋላ የመለጠጥ ባሕርያቸውን የማያጡትን የዳሽቦርድ መጠገኛ ኤፖክሲዎች ገዝቶ በቤቱ ቢሠራ ገንዘቡን አላባከነም እላለሁ። ይሁን እንጂ ምርቱ ስንጥቅ ይሞላል እንጂ የፋብሪካውን ገጽ አይመልስም። በኋላ የሚያማርሩት ይህን ልዩነት ሳያውቁ የሚገዙት ናቸው።

የዚህ መኪና ዳሽቦርድ ላይኛው ሽፋን ፒቪሲ (ቪኒል) የሚባል ቀጭን ፕላስቲክ ሲሆን ከሥሩ ፎም አለው። ፒቪሲውን ለስላሳ አድርጎ የሚያቆየው ንጥረ ነገር በሙቀት እየተነነ ሲያልቅ ሽፋኑ ይደርቃል፣ ይሰበሰባል፣ በመጨረሻም በደካማ ቦታዎቹ፣ በተለይም በድምፅ ማጉያዎቹ ወንፊት ዙሪያ፣ ይሰነጠቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ብርቱ ነው፤ ስለዚህ አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። ያገለገለ ዳሽቦርድ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰውም የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ፀሐይ የተሰነጠቀ ሌላ ዳሽቦርድ ነው። (ዳሽቦርዱ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ የሆነበት የጥንቱ ቮልስዋገን ባለቤት ይህን ግምገማ ማንበብ አያስፈልገውም።)

የኤፖክሲው ዋና ብልጫ ከስቱኮ ጋር ሲነጻጸር ይታያል። ጋራዦቻችን የለመዱት የቦዲ ስቱኮ ለላሜራ የተሠራ በመሆኑ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል፤ ዳሽቦርድ ግን ቀን በሙቀት ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል፤ ስለዚህ በስቱኮ የተሞላው ስንጥቅ ውሎ አድሮ በዚያው መስመር ላይ እንደገና ይከፈታል። የሚለጠጠው ኤፖክሲ ከሽፋኑ ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ይህ አደጋ እጅግ ይቀንሳል። አሜሪካዊው ፖሊቫንስ ለዚሁ ተግባር ብቻ የተዘጋጀ ኤፖክሲ ከሚያቀርቡት አንዱ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት የሚስተካከል መሆኑም ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

ነገር ግን ከማሸጊያው ላይ ያለው አጭር መመሪያ ሥራውን ከሆነው በላይ ቀላል ያስመስለዋል። የስንጥቁ ከንፈሮች ወደ ላይ የተቀለበሱ ስለሆኑ ክፍተቱን ብቻ መሙላት ጉብታ ከመፍጠር በቀር ፋይዳ የለውም። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለውን የተነሳ ሽፋን ቆርጦ ማንሳት፣ ፎሙን በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ ማስተካከል፣ ከዚያም የቀረውን የሽፋኑን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አሳስቶ ኤፖክሲው በሰፊው እንዲይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚህም በፊት የሚቀድም ሌላ ነገር አለ፤ መኪና አጣቢዎች ዳሽቦርድ ለማብራት የሚረጩት ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ሲሊኮን ያለበት ስለሆነ፣ በሳሙናና በአልኮል ደጋግሞ ካልተጠረገ በመጨረሻ የሚረጨው ቀለም በላዩ ላይ ዓይን ዓይን እየሠራ ይሸሻል።

ዳሽቦርዱን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ግዴታ አይደለም፤ የመለኪያዎቹን ሰሌዳ ማውጣት ግን ይመከራል። በዚህ ሞዴል የዘይት ግፊት መለኪያው በሽቦ ሳይሆን ዘይት ራሱን በሚያደርስ ቀጭን ቱቦ የሚሠራ በመሆኑ፣ ሰሌዳውን በኃይል የሚስብ ሰው ቱቦውን አጥፎ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የባትሪውን ኔጋቲቭ አስቀድሞ መንቀልና መስኮቶችን ከፍቶ በማስክ መሥራትም የሚዘለል አይደለም።

የምርቱ ደካማ ጎን የሚታየው በመጨረሻው ደረጃ ነው። ፒቪሲው እንደ ቆዳ ያለ ጥለት አለው፤ የተሞላው ቦታ ግን ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ጥለት ለማስመሰል የሚረጨው ስፕሬይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ከመሥራት ያለፈ የፋብሪካውን መስመር ሊቀዳ አይችልም። ስለዚህ የተጠገነውን ብቻ መርጨት ጥገናውን አጉልቶ ያሳያል፤ የላይኛውን ገጽ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አድርጎ መርጨት የተሻለ ነው። ቀለሙም ለቪኒል የሚሆንና የሚተጣጠፍ፣ ለምሳሌ የሴም ኩባንያ ከለር ኮት ዓይነት፣ መሆን አለበት፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም በፊት መስታወት ላይ እየተንጸባረቀ ሾፌሩን ስለሚያውክ ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ፣ የሆነውን መምረጥ ግድ ይላል።

እነዚህን ምርቶች ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ለማስመጣት የሚያስብ ሰው የስፕሬይ ቀለም በመንገደኛ ሻንጣም ሆነ በእጅ ቦርሳ በአውሮፕላን እንደማይፈቀድ ይወቅ። ቀለሙን እዚሁ በቀለም ቤት አስቀምሞ፣ ለፕላስቲክ የሚጨመረውን ማለስለሻ አስጨምሮ፣ በኮምፕሬሰር ማስረጨት ይቻላል። በክረምት ቅዝቃዜ ኤፖክሲው ለመድረቅ ስለሚዘገይ ሥራውን ለበጋ ማቆየት ይመረጣል።

ስንጥቆቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ ኤፖክሲውን ያለማመንታት እመርጣለሁ። ሽፋኑ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቆ ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ግን ከኤቢኤስ ፕላስቲክ ተቀርጾ በነባሩ ላይ በሲሊኮን የሚለጠፈው ሽፋን ጊዜ ይቆጥባል፤ ጠርዙ በቅርብ ለሚያይ መታወቁና ከተለጠፈ በኋላ የሥሩን ሳይጎዱ ማንሳት አዳጋች መሆኑ ለዚህ የሚከፈል ዋጋ ነው። መኪናውን እንደ ፋብሪካ ሥራው ጠብቆ ለመሸጥ ለሚያስብ ባለቤት ሁለቱንም አልመክርም፤ እሱ ነባሩን ዳሽቦርድ አውጥቶ በአዲስ ቪኒል እንደገና ለሚያለብስ ባለሙያ መስጠት ይኖርበታል፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይንራል።