የአባቴን ጆሮ ላየችልኝ ሲስተር

ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል። ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» የሚል ሽማግሌ ካለ ይህን አንብቡልኝ።

አባቴ ከባሕር ዳር ዘጌ በሚመላለስ የሞተር ጀልባ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቷል። ቦታው ሞተሩ ሥር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ጆሮው እየከዳው ሄደ። መጀመሪያ ሬዲዮውን ማስጮኽ አመጣ። ከዚያ ጎረቤት ሰላም ሲለው ዝም። እኛም፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ «ጃጀ» አልን።

መንከራተቱን አታንሱት። አንዱ ቦታ ጆሮውን እንኳ ሳያዩ ጠብታ ጻፉለት። ጨረሰው፣ ለውጥ የለም። ሌላው ጋ ግማሽ ቀን ተሰልፈን ስንገባ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ተባልን። ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። ሦስተኛው ጋ ደግሞ ምርመራው ሳይጀመር የማዳመጫ መሣሪያ ዋጋ ነገሩን። ዋጋውን ስሰማ የኔም ጆሮ ጭው አለ። በዚህ መሃል አንዲት ዘመዳችን ዘይት አሙቃ አንጠባጥባ በጥጥ ወትፋለታለች። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን፣ ሁሉም የሚያወሩት ከኔ ጋር ነው። «ምን ይላቸዋል?» «መቼ ጀመራቸው?» አባቴ መሃላችን እንደ ዕቃ ተቀምጦ።

ሲስተርን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስንገባ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ጭምብሏን ዝቅ አደረገች። አልጮኸችም። ረጋ ብላ፣ ድምጿን ወፈር አድርጋ «አባባ፣ የማን ድምፅ ነው የናፈቀዎት?» አለችው።

ትንሽ ዝም አለ። «የልጅ ልጄ» አለ። «አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ቃሉ አይመጣም።»

እኔ ይህን ሰምቼው አላውቅም። ጠይቄው አላውቅማ!

ከዚያ ሹካ የመሰለች ብረት መታ አድርጋ ቀኝ ጆሮው አጠገብ ያዘች። «ምንም» አለ። ያችኑ ብረት ከጆሮው ኋላ አጥንቱ ላይ አስደገፈችው። «ኧረ! እንደ ንብ ይላል!» ሲስተር ሳቀች። «በአጥንት በኩል ከሰሙማ ውስጡ አለ። በሩ ነው የተዘጋው» አለች። በመብራት ስታይ የዘመዳችን ጥጥ ከኩኩ ጋር ደርቆ እንደ ቡሽ ተወትፎ ኖሯል! በትዕግሥት አለስልሳ አወጣችው።

የሞተሩ ጩኸት ያደረሰው ጉዳት ግን በሁለቱም ጆሮ እንዳለ ነው። እሱንም ለእሱ ነው ያስረዳችው፣ ወረቀት ላይ እየሣለች። ድምፅ የጆሮውን ታምቡር ይመታል። ከኋላው 3 አጥንቶች ይቀባበሉታል። የመጨረሻዋ እርካብ ትባላለች፤ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ ከፎገራ ሩዝ ፍሬ ታንሳለች። እሷ ደግሞ ቀንድ አውጣ የመሰለ፣ ፈሳሽ የሞላው ነገር በር ላይ ትገፋለች። ውስጡ ፀጉር ያላቸው ሴሎች አሉ፣ በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ።

«አባባ፣ ማዕበል ሲመጣ ደንገሉ ምን ይሆናል?»
«ጎንበስ ብሎ ይነሳል።»
«ጀልባ ዕለት ዕለት ከሄደበትስ?»
«ይሰበራል።»
«የጆሮ ደንገል ደግሞ ከተሰበረ አይበቅልም» አለችው።

ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉት የቀንድ አውጣው በር አካባቢ ያሉት ሴሎች ናቸው አለች፤ ጩኸት ቀድሞ የሚጎዳውም እነሱን ነው። ለካ ወፍራሙን የከበሮ ድምፅ ከነግርማው እየሰማ የልጅ ልጁ ቀጭን ድምፅ የጠፋበት ለዚህ ነው። ከዚያ ስለ ነርቭና ስለ አንጎል ቀጠለች፤ እኔ እዚያ ላይ ጠፋሁ። አባቴ ግን ራሱን ይነቀንቃል።

ምንም ልትሸጥልን አልሞከረችም። የመስማት ልኬት እንዲሠራለት ወረቀት ጻፈች፤ መሣሪያ የሚያስፈልገው ከሆነ ከዚያ በኋላ ይታያል ብላ። እኛንም «ፊቱን እያያችሁ፣ ሳትጮኹ፣ ሬዲዮ ዘግታችሁ አውሩት» አለችን። ያስከፈለችን ለመጀመሪያው ጠብታ ካወጣነው ያንሳል።

ሲስተርዬ፣ ተባረኪ! እጅሽ ይባረክ! ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አድራሻዋን እሰጣለሁ። እባካችሁ ወላጆቻችሁን ውሰዱ። ዘይት ደግሞ አታንጠባጥቡ፣ በእናታችሁ!

ስንመለስ ባጃጅ ያዝን። ሹፌሩ ሙዚቃውን ለቆታል። አባቴ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ነካ አደረገው፦ «አንተ ልጅ፣ ቀንሰው እንጂ! ጆሮ እኮ ነው!»

ሦስት ዓመት ሙሉ ሬዲዮ ቀንስ ስንለው የኖርን እኛ ነን።