ባለ 2 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፦ ከወራት የቪዲዮ ቤት አገልግሎት በኋላ

ዲስኩ የተለየ ነገር የለውም። 2.5 ኢንች፣ ዩኤስቢ 3.0፣ ከኮምፒውተሩ በሚያገኘው ኃይል ብቻ የሚሠራ፣ ኪስ የሚገባ ነው። የዋለበት ሥራ ደሴ ፒያሳ ኤዲት የሚደረግ የሰርግ ቪዲዮ ተሸክሞ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ ጥሬ ቀረጻ ይዞ መውጣት ነው። ለዚህ ይበቃል፤ ደግመንም እንገዛዋለን። ዊንዶውስ ላይ 1.81 ቴራ ብቻ ማሳየቱ የሻጭ ማጭበርበር አይደለም፤ ፋብሪካው በ1,000፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፦ ፎርማቱ፣ ማለትም ዲስኩ ፋይሎችን የሚመዘግብበትና የሚያደራጅበት መንገድ።

ከአንድ ቴራ በላይ ባዶ ቦታ እያለ ዲስኩ ባለ 6 ጊጋ ቪዲዮ አልቀበልም ይላል። ዊንዶውስ ፋይሉ ለመድረሻው በጣም ትልቅ እንደሆነ ነግሮ ኮፒውን ሳይጀምር ያቆማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሱቅ ይመልሰዋል። የተበላሸ ነገር የለም፤ ዲስኩ ፋት32 የሚባለው ፎርማት ሆኖ ነው። ፋት32 የእያንዳንዱን ፋይል መጠን የሚመዘግበው በ32 ቢት ነው፤ በ32 ቢት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ባይት (4 ጊጋ ማለት) ነው፤ ከዚያ አንድ ባይት ቢያልፍ መመዝገቢያ የለውም። ገደቡ የአንድ ፋይል እንጂ የዲስኩ አይደለም። ለዚህም ነው 50 ጊጋ ፎቶ ያለ ችግር ገብቶ አንዲት ቪዲዮ እምቢ የምትለው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ በሽታ አለ። ኮፒው በሰላም ያልቅና ፋይሎቹ አልከፈት ካሉ ጉዳዩ ፎርማት ላይሆን ይችላል፤ መጠኑ በውሸት የተጻፈበት ፍላሽ ወይም ዲስክ መሆኑን ጠርጥሩ። ፋት32 ቀድሞ እምቢ ይላል፣ ሐሰተኛው ግን እሺ ብሎ ይበላችኋል።

አዲስ 2 ቴራ ዲስክ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚመጣው ይህ የ4 ጊጋ ገደብ በሌለባቸው ፎርማቶች፣ በኤንቲኤፍኤስ ወይም በኤክስፋት ነው። የዊንዶውስ የፎርማት መስኮት ደግሞ ለረጅም ዘመን ከ32 ጊጋ በላይ ለሆነ ዲስክ ፋት32ን ከናካቴው አያቀርብም ነበር። ስለዚህ ዲስካችሁ ፋት32 ሆኖ ከተገኘ፣ ለዲሽ ሪሲቨር ወይም ለመኪና ቴፕ እንዲሆን ብሎ ሆን ብሎ የቀየረው ሰው አለ ማለት ነው። ማረጋገጥ ቀላል ነው፦ ዲስኩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፋይል ሲስተም የሚለውን ማየት። ያገለገለ ዲስክ ስትገዙ ከሱቁ ሳትወጡ እዩት።

4 ጊጋ ምን ያህል ቀረጻ ነው? በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚጽፍ 4ኬ ካሜራ 5 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ገደማ ነው። በ50 ሜጋቢት 11 ደቂቃ ተኩል አይሞላም። ሙሽራዋ ከቤት እስክትወጣ እንኳ አይበቃም። ባለ 32 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ ራሱ ፋት32 ስለሆነ ካሜራው ፋይሉን 4 ጊጋ ላይ እየቆረጠ ይጽፋል፤ ባለ 64 ጊጋው ግን ኤክስፋት ስለሆነ ብዙ ካሜራዎች አንድ ወጥ ፋይል ያወጡበታል። ትናንት በትንሹ ካርድ የሠራው ዲስክ ዛሬ በትልቁ ካርድ ድንገት እምቢ የሚለው በዚህ ነው።

መፍትሔው ሁለት መንገድ አለው። ዲስኩ ባዶ ከሆነ ወይም ያለው መረጃ ሌላ ቦታ ከተቀመጠ ኤክስፋት አድርጉት፦ ራይት ክሊክ፣ ፎርማት፣ ኤክስፋት፣ አሎኬሽን ዩኒቱን እንዳለ ትቶ ኩዊክ ፎርማት። ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ። ዲስኩ ሞልቶ ማውጫ ቦታ ካጣችሁ ደግሞ ዊንዶውስ ኮንቨርት የሚባል ትዕዛዝ አለው፤ በአድሚኒስትሬተር በተከፈተው ጥቁር የትዕዛዝ መጻፊያ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ላይ ይጻፋል፣ የዲስኩን ስም ይጠይቃል፣ ከዚያ ፋይሎቹን ሳይነካ ፋት32ን ወደ ኤንቲኤፍኤስ ይለውጣል። ወደ ኤክስፋት አይለውጥም፤ መመለሻም የለውም። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ግን አደጋ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሥሩት።

ኤክስፋት ወይስ ኤንቲኤፍኤስ? ማይክሮሶፍት ኤክስፋትን በ2006 ያወጣው ለፍላሽና ለካርድ ነው። ዊንዶውስም ማክም ይጽፉበታል፤ ሊነክስም ከ2019 ወዲህ በራሱ ያውቀዋል። ትልቁ ድክመቱ የለውጥ መዝገብ አለመያዙ ነው። ኮፒ መሃል መብራት ሲጠፋ ወይም ኬብሉ ሲነቀል የሚበላሸው የሚገለበጠው ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የፎልደሩ ማውጫ ራሱ ሊዛባ ይችላል። ኤንቲኤፍኤስ እያንዳንዱን የማውጫ ለውጥ አስቀድሞ ስለሚመዘግብ ብዙ ጊዜ ያን ፋይል ብቻ ከፍሎ ይድናል። ማክ ግን ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም።

የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው፦ መንገድ የሚወጣው ዲስክ ኤክስፋት፣ ቤት የሚቀመጠው ማኅደር ኤንቲኤፍኤስ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) በሌለው ዴስክቶፕ ላይ ለሚሠራ ሰው፣ ማክ የሚባል ነገር በአካባቢው ከሌለ፣ ሁለቱም ኤንቲኤፍኤስ ቢሆኑ ይሻላል። ኤክስፋት ላይ መብራት ከጠፋ በኋላ ሌላ ነገር ሳትጽፉበት በፊት ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ የሚለውን አስኪዱ።

ለኤዲተር ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ኤክስፋት በዚህ መጠን ላለ ዲስክ ለአንድ ፋይል የሚመድበው ትንሹ ቦታ 128 ኪሎባይት ነው፤ ኤንቲኤፍኤስ 4 ኪሎባይት። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ የሚፈለፍላቸው 100,000 ባለ 5 ኪሎባይት የካሽ (ለራሱ ሥራ ማፍጠኛ የሚያስቀምጣቸው ጊዜያዊ) ፋይሎች ኤንቲኤፍኤስ ላይ 1 ጊጋ አይሞሉም፤ ኤክስፋት ላይ ከ12 ጊጋ በላይ ይይዛሉ። ፕሮጀክቱን ስታሻግሩ ካሹን ተዉት፣ እዚያ እንደገና ይሠራል።

የደንበኛው ቴሌቪዥን ሌላ ጣጣ ነው። ሰርጉ አልቆ ፍላሹ ቤተሰቡ ጋ ሲደርስ የድሮ ሪሲቨር ከፋት32 ውጭ ላያነብ ይችላል። ለዚያ የ2 ሰዓት ቪዲዮ ድምፁን ጨምሮ በሰከንድ ከ4.5 ሜጋቢት እንዳይበልጥ አድርጋችሁ ኤክስፖርት አድርጉ፤ 4 ጊጋውን ሳይነካ ይገባል። ጥራቱ አንሶ ከታያችሁ ቢትሬቱን ከፍ አድርጋችሁ ኒካህ፣ ምሳ፣ መልስ እያላችሁ በክፍል ክፈሉት፤ ተመልካቹም ይወደዋል። ለኮምፒውተር ብቻ ከሆነ 7-ዚፕ 4092 ሜጋ በሚለው ምርጫው ይቆራርጥላችኋል፤ ተቀባዩ ሁሉንም ቁራጮች አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጎ የመጀመሪያውን ይከፍታል። ቴሌቪዥን ግን እነዚህን ቁራጮች አያጫውትም።

ወደ ዕቃው ስንመለስ፣ ፍጥነቱ ባዶ ሳለ በሰከንድ ከ100 እስከ 120 ሜጋባይት ነው፤ እየሞላ ሲሄድ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ የሚሽከረከር ዲስክ ሁሉ ጠባዩ ነው። 100 ጊጋ ቀረጻ በ15 ደቂቃ ገደማ ይገባል። በአሮጌ ዴስክቶፕ የፊት ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ቀጭ ቀጭ ካለ ኃይል አንሶት ነው፤ ከኋላ ሰኩት። እየሠራ ሳለ አታንቀሳቅሱት።

ደካማው ነገሩ ኬብሉ ነው፤ አጭር ነው፣ ሶኬቱም ይላላል። ሲጠፋ የሞባይል ማይክሮ ኬብል በዲስኩ ሰፊ ቀዳዳ ግማሽ ጎን ይገባል፣ ይሠራልም፤ ግን በዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት። ያው 100 ጊጋ 48 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ኮፒው በሰከንድ 35 ሜጋ ላይ ቆሞ ካያችሁ ዲስኩን ከመጠርጠራችሁ በፊት ኬብሉን እዩ።