በልጄ ትምህርት ቤት ለምታስተረጉምልን እህት ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ልጅ የምታስተምሩ ወገኖች፣ ይህን አንብቡልኝ። በልጄ ትምህርት ቤት አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችን የምታግዝ አንዲት አስተባባሪ አለች። ሳላስፈቅዳት ስሟን አላወጣም፤ ያደረገችልንን ግን ሳላመሰግን ማለፍ አልቻልኩም።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። መምህርቷ ስለ እሷ የምትነግረን ሁሌም ደስ የሚል ነበር፤ ደግ ናት፣ ትጉህ ናት፣ ጸጥ ያለች ናት። አገር ቤት ተምሮ ላደገ ወላጅ ከዚህ በላይ ምን ይነገረዋል? ደግሞ እዚህ ካርድ ላይ ስንተኛ እንደወጣች አይጻፍም።

ከኖቬምበሩ የወላጅና የመምህር ቀጠሮ በፊት ይህች እህት ደውላ አዘጋጀችን። የዚህ አገር መምህራን በጎውን ያስቀድማሉ፤ የሚሉት ከልባቸው ነው፤ አብዛኛው ግን ስለ ጠባይና ስለ ጥረት ስለሆነ ትምህርቱን ለይታችሁ ጠይቁ አለችን። ንባቧ ለክፍሏ የሚመጥን ነው ወይ? የጻፈችውን ልታሳዪን ትችያለሽ? የአክሰስ ውጤቷንም ይዛችሁ ኑ አለች።

አክሰስ፣ ኢሶል ውስጥ ያሉ (ማለትም እንግሊዝኛን እንደ ተጨማሪ ቋንቋ የሚማሩ) ልጆች በየዓመቱ የሚወስዱት የእንግሊዝኛ ፈተና ነው፤ ደረጃው ከ1 እስከ 6 ነው። ከጠቅላላ ውጤቱ ንባብ 35 በመቶ፣ ጽሕፈት 35 በመቶ ይይዛሉ፤ ማዳመጥና መናገር ግን 15፣ 15 በመቶ ብቻ ናቸው። የልጄ መናገር ከፍ ያለ ነው፤ ንባቧ ወደ ኋላ ቀርቷል። እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ የምታወርድ ልጅ ማንበብ ይከብዳታል ብሎ ማን ይጠረጥራል!

ቀጠሮው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። መምህርቷ ጸጥ ያለች ስትል፣ ያልገባት ነገር ሲኖር እጇን አውጥታ አትጠይቅም ማለቷም ነበር። አስተባባሪዋ ይህን ለእኛ በደንብ አስረዳችን። ለመምህርቷም፣ በእኛ ዘንድ ልጅ በታላቅ ፊት ዝም ማለቱ አክብሮት እንደሆነ ነገረቻት። መምህርቷ በጥሞና ሰማች። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዋ ድረስ ሄዳ ገብቶሽ እንደሆነ ንገሪኝ ትላታለች፤ በትንሽ ቡድን ንባብ ከሚለማመዱት ጋርም አስገባቻት። ልጄ አሁን እጇን ታወጣለች፤ ማታም ለአባቷ ጮክ ብላ ታነብለታለች።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልልኝ። የሁለቱን ወገን ሐሳብ ሳታዛቢ አገናኘሽልን።

እናንተም ቀጠሮ ሲያዝ ቀደም ብላችሁ ለትምህርት ቤቱ ቢሮ አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በሉ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በነጻ ነው። እንግሊዝኛ እንችላለን የምትሉም ጠይቁ፤ እኛም ለሥራ የሚሆን እንግሊዝኛ አለን። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉ። ስለ ራሷ የሚነገረውን ሁሉ ለወላጆቿ የማድረስ ሸክም ለልጅ አይገባም። በእናንተም ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ አስተባባሪ ካለ፣ ስብሰባው ሳይደርስ ቀድማችሁ አነጋግሩት።