የአሮጌ ስፖርት መኪና ዳሽቦርድ፦ መሸፈን፣ ማልበስ ወይስ መለወጥ?

ሠላሳና አርባ ዓመት ያለፈው ስፖርት መኪና አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሲቆም ዕድሜውን ይደብቃል። በሩ ሲከፈት ግን ምስጢሩ ይወጣል፤ ከፊት መስታወቱ ሥር የተሰነጠቀ ዳሽቦርድ፣ በስንጥቁ ውስጥ የሚታይ ቢጫ ስፖንጅ፣ ሲነኩት እንደ ደረቀ ቅጠል የሚፈረፈር ጠርዝ።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የባለቤቱ አይደለም። የዚያ ዘመን ዳሽቦርድ ብዙውን ጊዜ ጠንካራ አጽም፣ በላዩ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ ደግሞ የተወጠረ ቪኒል ነው። ቪኒሉን የሚያለሰልሰው ቅመም በፀሐይ ሙቀት እየተነነ ይወጣል፤ የመስታወቱን ውስጠኛ ገጽ የሚያደበዝዘው ቅባት መሰል ጭጋግ አንዱ ምልክቱ ነው። የደረቀው ቪኒል ይኮማተራል፣ ሥሩ ያለው አጽም ግን አብሮት አይኮማተርም፤ በመጨረሻ የሚሸነፈው ቆዳው ነው። ዳትሰን 240ዜድን ወይም ፖርሽ 944ን የሚያፈላልግ ሰው ያልተሰነጠቀ ዳሽቦርድ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ቶሎ ይረዳል።

ከመፍትሔዎቹ ርካሹ በልክ የተቆረጠ የጨርቅ ሽፋን ነው። ስንጥቁን ይሰውራል፣ በመስታወቱ ላይ የሚያርፈውን ነጸብራቅ ይቀንሳል፣ ባስፈለገ ጊዜም ይነሳል። ውበት ግን አይጠበቅበትም። በተሳፋሪው በኩል ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ የኤርባጉን ክዳን የሚሸፍን ጨርቅ ፈጽሞ አታንጥፉ።

ቀጣዩ በድሮው ላይ በሲሊኮን ማጣበቂያ የሚለጠፍ ደረቅ የፕላስቲክ ቅርፊት ነው። ከሩቅ ሲታይ አዲስ ዳሽቦርድ ይመስላል፤ ከቅርብ ሲታይ በአየር ማስወጫዎቹ ዙሪያ ድርብ ጠርዝ ይታያል፣ ሲያንኳኩትም ባዶ ድምፅ ይሰጣል። እኔም ገዝቼ ነበር። ሻጩ «በአንድ ሰዓት ታበቃለህ» ብሎኝ ሄደ፤ ያልነገረኝ የስንጥቁ ከንፈሮች ወደ ላይ ስለሚቆለመሙ አስቀድመው ተቆርጠው መስተካከል እንዳለባቸው ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የመስታወቱ በኩል ያለው ጠርዝ ተነሳ። ላወጣው ስሞክር ሲሊኮኑ የድሮውን ቪኒል ይዞት ተላጠ። እንግዲህ ቅርፊት የሚመርጥ ሰው ከሥሩ ያለውን ዳሽቦርድ እንደ ጠፋ ይቁጠረው። መኪናውን በየቀኑ ለሚነዳና ለመሸጥ ለማያስብ ሰው ግን መጥፎ ምርጫ አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ ዳሽቦርዱን አውጥቶ ለባለሙያ መስጠት ነው። ባለሙያው የሞተውን ቪኒል ገፎ ስፖንጁን ይሞላል፤ ከዚያም አዲስ ቪኒል በሙቀት አለስልሶ አየሩን ከሥሩ እየሳበ በቅርጹ ላይ ያስቀምጠዋል። ውዱና ጊዜ የሚፈጀው ይህ ነው፤ እንደ ፋብሪካው የሚመስለውም ይኸው ብቻ ነው። መኪናው ዋጋው እየጨመረ የሚሄድ ዓይነት ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትቼ ይህን እመርጣለሁ።

በቆዳ ማልበስ ከዚህ ይለያል። የስፌቱ መስመር ያምራል፣ ግን ብዙ መኪኖች ከፋብሪካ እንዲያ ሆነው አልወጡም። ቆዳም በፀሐይ ይኮማተራል፤ ጥሩ ባለሙያ የሚታወቀው ሙቀት የሚችል ማጣበቂያ በመጠቀሙና በመስታወቱ በኩል በቂ ትርፍ ቆዳ ወደ ውስጥ በማጠፉ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ናሙናውን ዳሽቦርዱ ላይ አንጥፋችሁ በቀትር ፀሐይ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ነጣ ያለ ወይም የሚያብለጨልጭ ቆዳ መስታወቱ ላይ ራሱን ይስላል፣ መንገዱንም ይጋርዳል። አልካንታራ በዚህ ይበልጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በጃፓኑ ቶሬይ ኩባንያ ሚዮሺ ኦካሞቶ የፈለሰፈው ይህ የፖሊስተርና የፖሊዩሪቴን ጨርቅ ብርሃን አይመልስም። መሪ ላይ ሲለበስ ግን የእጅ ወዝ ጠጥቶ ቶሎ ስለሚያድፍ እዚያ ቆዳ ይሻላል።

ከተፈታ መኪና የወጣ ዳሽቦርድ ስለ መግዛት ብዙ አልልም፤ እኩያው ስለሆነ ተራውን እየጠበቀ ነው። ከገዛችሁም ዘመኑን አረጋግጡ። የፖርሽ 944 ዳሽቦርድ እ.ኤ.አ. በ1985 አጋማሽ ቅርጹ ስለተለወጠ የፊተኛው ለኋለኛው አይገጥምም።

ጌጆቹና ሬዲዮው

ጌጆቹን፣ ማለትም የፍጥነት፣ የሙቀትና የመሳሰሉትን ባለ መርፌ መለኪያዎች፣ በዲጂታል ስክሪን መተካት የሚያዋጣው ሞተሩ በሌላ ለተለወጠ መኪና ነው። ስክሪኑ ብቻውን አይሠራም፤ ለሙቀቱም ለዘይት ግፊቱም የራሱን ሴንሰር ይፈልጋል። የተጓዘው ኪሎ ሜትርም ከድሮው ቆጣሪ ጋር ይቀራልና ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንስታችሁ መዝግቡ። ሞተሩ የራሱ ከሆነ መርፌዎቹን ትታችሁ አምፑሎቹን ብቻ በኤልኢዲ ለውጡ። አልበራ ካለ ገልብጣችሁ ክተቱት፤ ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ይለያል። አንዷን አምፑል ግን አትንኩ፦ የባትሪ ምልክት ያለባትን። በብዙ አሮጌ መኪኖች ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው በእርሷ በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። ኤልኢዲ የሚያሳልፈው በጣም ጥቂት ስለሆነ ዲናሞው ሳይሞላ ቀርቶ ባትሪው መንገድ ላይ ሊያልቅ ይችላል።

የድሮው የሬዲዮ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ 180 በ50 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ ትልቅ ስክሪኑ የሚፈልገው 180 በ100 ስለሆነ አንዳንዱ ዳሽቦርዱን በመጋዝ ይቆርጣል። አትቁረጡ። ዘመናዊ ስልክ የሚያገናኙ፣ ግን በጠባቡ ቀዳዳ የሚገቡ ሬዲዮዎች ሞልተዋል፤ ፖርሽ ራሱ ለአሮጌ 911 መኪኖቹ እንዲህ ያለ ሠርቷል። ከቀዳዳው ወጥቶ የሚንጠለጠለው ስክሪን ደግሞ የአየር ማስወጫውን ወይም የማሞቂያውን ቁልፎች እንዳይጋርድ በካርቶን ልኩን ቆርጣችሁ ቀድማችሁ ሞክሩት።

ወንበሩ የሚጎረብጠው ብዙ ጊዜ በቆዳው ሳይሆን በሟሸሸው ስፖንጅ ነው፤ በአዲስ ስፖንጅ ላይ የድሮው ልብስ ቢመለስ እንኳ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ኤርባግ ያለውን መሪ ኤርባግ በሌለው የስፖርት መሪ መለወጥን ግን አልመክርም።

ዳሽቦርዱን ካወጣችሁ ከኋላው ያለውን የማሞቂያ ራዲያተርም ለውጡ፤ በብዙ መኪኖች ሌላ መግቢያ የለውም። እኔ «ገና ደህና ነው» ብዬ አለፍኩት። አዲስ ያለበስኩትን ዳሽቦርድ በገጠምኩ በአራተኛው ወር ጣፈጥ ያለ የኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሽታ አፍንጫዬን ነካው፣ የተሳፋሪው ምንጣፍም ረጠበ። ካቻቢቴዬን ይዤ ከመጀመሪያው ብሎን ጀመርኩ።