ዊቸር 3ን ድሬ ላይ ስምንት ወር ተጫውቼ ያየሁት

መጀመሪያ ግልፅ ላርገው፣ እኔ የፊፋ ልጅ ነኝ። ሳቢያን ጌም ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ሌላ ጌም ብዙም አያውቅም፣ ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ በቃ። ስለዚ ያገለገለ ፒኤስ ፎር ስገዛ ሰውየው "ይሄንንም ጨምረህ ውሰደው" ብሎ የሰጠኝን የዊቸር 3 ሲዲ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቲቪው ጀርባ ጥዬው ነበር። አሁን ስምንት ወር ሆኖኛል፣ ወደ 140 ሰዓት ተጫውቼዋለሁ፣ ዋናውን ታሪክ ጨርሻለሁ፣ ሲዲው ላይ አብረው ካሉት ሁለት ተጨማሪ ታሪኮች አንዱን ጨርሼ ሁለተኛው ላይ ነኝ። ጨዋታው የድሮ ነው፣ በፈረንጆቹ 2015 ነው የወጣው፣ ግን እኛ ሀገር ብዙ ሰው ገና አሁን ያገለገለ ፒኤስ ፎር እየገዛ ስለሆነ ይጠቅማል ብዬ ነው የምፅፈው።

ለማያውቀው ባጭሩ፣ ፖላንድ ውስጥ የተሰራ ጌም ነው፣ መነሻውም የአንድ ፖላንዳዊ ደራሲ መፅሀፎች ናቸው። ጌራልት የሚባል ፀጉሩ ነጭ የሆነ ሰውዬ ነህ፣ ስራህ ተከፍሎህ ጭራቅ ማደን ነው፣ ጀርባህ ላይ ሁለት ጎራዴ አለ፣ የብረቱ ለሰው የብሩ ለጭራቅ። እንደ ልጅህ ያሳደካት ሲሪ የምትባል ልጅ ጠፍታለች፣ የሚያሳድዷት አሉ፣ አንተ ደግሞ ከነሱ ቀድመህ ልታገኛት ነው ሀገር ለሀገር የምትዞረው። በ2023 ከ50 ሚሊዮን ኮፒ በላይ መሸጡ ተነግሯል፣ እኔ ግን ይሄን ቁጥር የሰማሁት ጨዋታው ካስያዘኝ በኋላ ነው። የያዘኝ በአንዲት ትንሽ ሚሽን ነው።

መጀመሪያ አካባቢ ዋይት ኦርቻርድ የሚባል መንደር አለ። እዛ አንድ ሰውዬ ልጁ ታማበታለች፣ ንፁህ ውሃ ያስፈልጋታል፣ ንፁህ ውሃ ያለበት ጉድጓድ ደግሞ ሰው ጥሎት የሄደ ሰፈር ውስጥ ነው፣ እዛ ጉድጓድ ጋር ቀትር ላይ የምትታይ መንፈስ አለች። እሁድ ነው፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ገብቷል፣ አያቴ ሳሎን ቡና እያፈላች ነው፣ እህቴ ደግሞ እንግሊዝኛውን ሰብታይትል ከስር ከስር እየተረጎመችላት ነው። "ቀትር ላይ ጉድጓዱ ጋር የሚሄድ ሰው ትገላለች ነው የሚለው" ስትላት አያቴ ረከቦቱን ትታ ቀና አለች፣ "ታዲያ እኛስ ልጅ ሆናችሁ በቀትር ውሃ ዳር አትሂዱ ስንላችሁ ምን ብለን ነበር?" አለች። ወላሂ እዛው ጆይስቲኩን ይዤ ቀረሁ። የፖላንድ ሰዎችም በቀትር ጋኔን ይፈራሉ ማለት ነው። እኛ ቤት ይሄን ስንሰማ ያደግነው ለማስፈራሪያ ይመስለኝ ነበር፣ እዚ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ምክንያት ሰጥቶት ፅፎታል፣ መንፈሷ ልታገባ ስትል በግፍ የተገደለች ሴት ናት።

እና አሁን ሄደህ በጎራዴ አትመታትም። የጨዋታው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። መጀመሪያ ሰውየውን ትጠይቃለህ፣ ከዛ ባዶውን ሰፈር ትዞራለህ፣ የሞተችው ሴት ማን እንደነበረች ከተገኘ ፅሁፍ ታነባለህ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ጠልቀህ አምባሯን ታወጣለህ፣ አፅሟንና አምባሩን አንድ ላይ ታቃጥላለህ፣ ያኔ ነው የምትገጥምህ። ስትገጥምህም ይርደን የሚባለውን የአስማት ምልክት መሬት ላይ ትጥላለህ፣ ሀምራዊ ክብ ይሰራል፣ እሷ ክቡ ውስጥ ስትገባ ነው ጎራዴው በደንብ የሚይዛት። ማን ናት፣ ለምን እዚ ቀረች፣ ምን ያሰራት የሚለውን ሳታውቅ ብትሄድ ምንም አታረጋትም። ሀረር ላይ ማታ ጅብ የሚያበሉትን ሰዎች ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል፣ እነሱ እያንዳንዱን ጅብ በስም ነው የሚያውቁት፣ የቱ ይቀርባል የቱ ይሸሻል ብለው ለይተውታል፣ በጉልበት አይደለም አጠገቡ የሚቀመጡት።

አንድ ነገር ልጨምር። ስራውን ከመጀመርህ በፊት ሰውየውን ዋጋ ጨምር ማለት ትችላለህ፣ ከፍ ስታረገው ንዴቱን የሚያሳይ መስመር እየሞላ ይመጣል። እኔ ያው እንደ ጌም አይቼው ወደ ላይ ስገፋው አያቴ "ልጄ ታማለች ካለ ሰው ላይ ትጨምራለህ?" አለችኝ። ዝቅ አረኩት። ከዛ ወዲህ 140 ሰዓት ሙሉ ዋጋ ላይ በተከራከርኩ ቁጥር ማንን እንደምከራከር አይቼ ነው፣ ነጋዴ ከሆነ እጨምርበታለሁ፣ ገበሬ ከሆነ የሰጠኝን እወስዳለሁ። ጨዋታው እንደዛ አርግ አላለኝም፣ ግን የሚያሰራህ ሰው ፊትና ችግር ያለው ሰው ስለሆነ ራስህ ታስበዋለህ።

ከዛ ቬለን የሚባል በጦርነት የደቀቀ ረግረጋማ ሀገር ትገባለህ፣ ባሮን የሚሉት አንድ ወታደር አለ። ሚስቱና ልጁ ጠፍተውበታል፣ መጀመሪያ ታዝንለታለህ፣ ቀጥሎ እየጠጣ ሚስቱን ይመታት እንደነበር ትሰማለህ፣ ቀጥሎ ፅንስ እንደወረደባት፣ ያ ስም ሳይወጣለት የተቀበረ ፅንስ መንፈስ ሆኖ እንደተነሳ ታያለህ። እዚ ጋር ምርጫ አለህ፣ ትገለዋለህ ወይ ደግሞ አባትየው ራሱ ተሸክሞት ሄዶ ስም አውጥቶለት በቤቱ ደፍ ስር ይቀብረዋል። እኔ ሁለተኛውን ነው የመረጥኩት፣ ያ ደረቅ ሰውዬ ይቅርታ እየጠየቀ ስም ሲያወጣ ቤት ውስጥ ያወራ ሰው የለም። ባሮኑን ጥሩ ሰው ነው ወይ መጥፎ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እስካሁን አልመልስም፣ ጨዋታውም አይመልስልህም። ፊልም ላይ እንኳን እንደዚ የተፃፈ ሰው ብዙ አላየሁም።

እሺ አሁን ወደሚያናድደው። ብዙ ነው።

የመጀመሪያው እጅህ ላይ የሚሰማህ ነገር ነው። ጌራልት ከባድ ነው፣ ቁም ስትለው ሁለት እርምጃ ጨምሮ ነው የሚቆም፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ከሆንክ ከግድግዳ ግድግዳ ትጋጫለህ። ሴቲንግ ውስጥ የእንቅስቃሴውን ምላሽ ወደ ሁለተኛው አማራጭ ቀይሩት፣ ትንሽ ይሻላል፣ እኔ ይሄን ያወኩት አራተኛው ወር ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለ እቃ ለማንሳት ስትጫን አጠገቡ ያለውን ሻማ ያበራል፣ ድጋሚ ስትጫን ያጠፋል፣ እቃው እዛው ነው። ግዙፍ ጭራቅ የሚጥል ሰውዬ ደግሞ ከሁለት ሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ከወደቀ ይሞታል። ሲሞት የሎዲንጉ ነገር፣ የኔ ፒኤስ ፎር ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ ነው የሚፈጀው፣ ከባድ ጠላት ጋር አስር ጊዜ ስትሞት አስቡት። ፍሬሙ፣ ማለት በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት፣ ፒኤስ ፎር ላይ 30 ነው፣ ረግረጉ ጋርና ኖቪግራድ የሚባለው ትልቁ ከተማ መሀል ከዛም ይወርዳል።

ሌቭሉ ሌላ ችግር ነው። ግሪፊን የሚባል ክንፍ ያለው ጭራቅ ጥለህ መጥተህ መንገድ ላይ አንድ ሸሚዝ የቀደደ ሽፍታ ሌቭሉ ካንተ በጣም ስለሚበልጥ ብቻ ራሱ ላይ ቀይ የራስ ቅል ምልክት ይታያል፣ ሀያ ጊዜ ብትመታው አይወድቅም፣ እሱ ሁለቴ ይመታሃል አለቀ። ታሪኩ እንደዛ በሰው ነገር ላይ ተጠንቅቆ የተፃፈ ጌም ውስጥ ይሄ ቁጥር ነገሩን ያበላሸዋል። ያገኘኸውን ጥሩ ጎራዴም ሌቭልህ ካልደረሰ መያዝ አትችልም። ቦርሳህም ሲጀመር 60 ነው የሚይዘው፣ የፈረሷን ኮርቻ ቦርሳ እስክታገኝ ድረስ ግማሹ ጊዜህ እቃ መጣልና መሸጥ ነው፣ ነጋዴዎቹ ደግሞ ብራቸው ያልቃል።

ስኬሊጌ የሚባሉት ደሴቶች ጋር ስትደርስ ባህሩ ላይ በጥያቄ ምልክት የተሞላ ማፕ ታያለህ። ይሄን የምፅፈው ሌላ ሰው እንዳይደክም ነው፣ ተዉት። አብዛኛው ባህር ውስጥ የሰመጠ ሳጥን ነው፣ በጀልባ ትሄዳለህ፣ ሳይረን የሚባሉ ክንፋም ጭራቆች ከሰማይ ይወርዱብሃል፣ በቀስት ታወርዳቸዋለህ፣ ትጠልቃለህ፣ የምታገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሽጠህ የማትጠቀምበት ነገር ነው። እኔ ከዚ ባህር ጋር የማይረሳኝ ነገር አለኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ሙሉ እነዚህን ሳጥኖች ስለቅም ቆይቼ መብራት ሄደ። መብራት ሲመጣ ፒኤስ ፎሩ በትክክል አልተዘጋም ብሎ ሀርድ ዲስኩን ሲፈትሽ ቆየ፣ ከዛ ስገባ ጠዋት የቆምኩበት ወደብ ላይ ነኝ። ሚሽን ላይ ስትሆን ጌሙ በየመሀሉ ራሱ ሴቭ ያረጋል፣ ዝም ብለህ ስትዞር ግን ብዙ አትመኑት፣ ውጊያ ላይ ደግሞ ራስህም ሴቭ ማረግ አትችልም። አሁን ከፈረስ በወረድኩ ቁጥር ሴቭ ነው፣ እህቴም እንደዛ ለምዳለች፣ ድሬ ላይ ለሚጫወት ሰው ይሄ ከሁሉም ምክር ይበልጣል።

ሙቀቱንም ላንሳው፣ ምክንያቱም ጌሙ ማሽኑን ያስጨንቀዋል። ፊፋ ስጫወት የማይሰማው ፋን ዊቸር ላይ ከሰዓት በኋላ ከቲቪው ድምፅ በላይ ይጮሃል። ከቲቪው መደርደሪያ አውጥቼ ሴራሚክ ወለሉ ላይ አራት የጠርሙስ ክዳን ከስሩ አርጌ አስቀመጥኩት፣ አቧራውን አስጠረግኩት፣ ውስጥ ያለውን የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስት አስቀየርኩት፣ ከዛ በኋላ ደህና ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ግን ማታ ብቻ ነው የምጫወተው።

ቤተሰብ ጋር ለሚጫወት ደግሞ፣ ይሄ የ18 ዓመትና ከዛ በላይ ጌም ነው፣ የእውነት ነው። ገና ሲጀመር መጀመሪያው ክፍል ላይ እርቃን አለ፣ በኋላም ደጋግሞ ይመጣል። ትዕይንቱን መዝለል ይቻላል፣ ግን መቼ እንደሚመጣ ስለማታውቅ አዲስ ምዕራፍ ስትጀምር ለብቻህ ሁን። ልጅ ያለበት ቤት አልመክረውም፣ እኛ ቤት የጎረቤት ልጆች ሲመጡ ወደ ፊፋ ነው የምቀይረው።

ታሪኩ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሲሪን ፍጠን አግኛት ይልሃል፣ ሁሉም ሰው ይጨነቃል፣ አንተ ግን መንደር ለመንደር ግዌንት የሚባል ካርታ እየተጫወትክ ነው። ካርታው ራሱ ግን ግሩም ነው፣ አስር ካርድ ይሰጥሃል፣ ሁለቱን መቀየር ትችላለህ፣ ከዛ በኋላ ከጥቂት ካርዶች በስተቀር አዲስ የሚመጣልህ ነገር የለም፣ ባለህ ሶስት ዙር ነው፣ ሁለት ያሸነፈ ወሰደ። አንዱን ዙር አውቀህ መልቀቅ መቻል አለብህ፣ ኮንከር የለመደ ሰው ቶሎ ይገባዋል። የዋናው ታሪክ መጨረሻ አካባቢ ያለው ጠላት ደግሞ ባዶ ነው፣ ትልቅ የጦር ልብስ ለብሶ ይመጣል እንጂ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ እንደ ባሮኑ አልተነገረልህም። ያንን ሁሉ የመንደር ሰው በሰውነቱ ያሳየህ ጌም ዋናውን ጠላት እንዲህ ማሳነሱ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ለሚጀምር ሰው፣ ከአራቱ የክብደት ደረጃዎች ሶስተኛውን ምረጡ። ቀላሉ ላይ ጎራዴው ላይ የሚቀባው ዘይትም የሚጠጣው መድሀኒትም ትርጉም የለውም፣ ጎራዴ እያወዛወዙ ማለፍ ነው፣ ሶስተኛው ላይ ግን ሜዲቴሽን፣ ማለት ጌራልት ቁጭ ብሎ ሰዓት የሚያሳልፍበት፣ ጤናህን አይመልስም፣ ምግብ ትይዛለህ፣ ስለምትገጥመው ነገር አንብበህ ትሄዳለህ፣ እሱ ነው ጌሙ።

ሲዲውን ሽጥልኝ ያለኝ ልጅ ነበር፣ አልሸጥም አልኩት። ሁለተኛው ተጨማሪ ታሪክ ቱሳን የሚባል የወይን ሀገር ላይ ነው፣ በፀሀይ የሞላ፣ ከቬለን ጭቃ በኋላ አይንህ ያርፋል፣ እሱን ቀስ ብዬ ነው የምጨርሰው። እህቴ ደግሞ ከዜሮ ጀምራዋለች። ቬለን ውስጥ አንድ ኮረብታ ላይ ዛፍ ስር የታሰረ መንፈስ አለ፣ ትፈታዋለህ ወይ ትገለዋለህ፣ የሚያመጣው ነገር ብዙ ቆይቶ ነው የሚደርስብህ። እኔ ፈትቼው ነበር። እሷ ትላንት ማታ እዛ ደርሳ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አርጋ ወደኔ ዞር አለች፣ እኔ ዝም አልኩ፣ አያቴ "መጀመሪያ ምን አርጎ እንደታሰረ ጠይቂው" አለቻት።